በለቅሶ የጠፋ ዓይን

እትዬ እታገኝ፣ እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ ስካርቦሮ ብርዱን ችለን፣ እግዜር ይመስገን፣ አለን። ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ እማዬ ከጎንሽ ሆና ስለምትሰማ ነው።

መኪናዬን ሸጥኳት። ኖርዝ ዮርክ ሥራ የምሄደው በባስ ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፣ ግን ይሻላል። ባለቤቴ ሰሎሜ "በግራ በኩል የሚመጣ አይታይህም" እያለች ስትነዘንዘኝ ከርማ የዓይን ምርመራ አፖይንትመንት አስያዘችልኝ። ካናዳ በኖርኩበት አሥራ ሁለት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። እያየሁ ለምን ልመርመር?

ፎርሙ "ከቤተሰብህ ዓይኑ የጠፋ አለ?" ይላል። "የለም" ብዬ ሞላሁ። አባባ ዓይኑን ያጣው ወንድማችንን ይመርን አልቅሶ ነው እንጂ በሽታ መች ነካው? ሐኪሟ የዓይኔን ግፊት ለካች፤ ደግማ ለካች፤ ከዚያ ያንኑ ጥያቄ በቃሏ ጠየቀችኝ። ስለ አባባ ስነግራት፣ "የዓይን ግፊት በዘር ይወርዳል፤ እህትህ ሳትውል ሳታድር ትመርመር፤ በሽታው አያምም፣ በየዓመቱ ካልተለካ አይታወቅም። በጊዜ ከተደረሰበት በጠብታ ይያዛል" አለችኝ። "በጊዜ" የሚለውን ሁለቴ ነው ያለችው። አንቺ ጊዜ አለሽ፤ ነገውኑ ሂጂ! እንደኔ ግትር አትሁኚ።

ደግሞ አንድ ነገር አስታውሺልኝ። አባባ ከጓዳው በር ጋር እየተጋጨ "ይሄን በር ማን አጠበበው?" ሲለን፣ እኛም ስንስቅበት ትዝ ይለኛል። ይመር ከሞተ በኋላ ነው፣ አይደል? በሐዘን ቤት ግን እንዴት ሳቅን? እትዬ፣ በደንብ አስቢ። በእመቤቴ ይዤሻለሁ፣ በለቅሶ ነው በይኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ይህን ግን እንዳታነቢላት።

ናፋቂሽ ወንድምሽ ዑራኤል