ኤድና ያስመጣችው የጠመንጃ መወልወያ

የካቲት 3

ነፋስ የለም። የባልዲው ውሃ ሦስት ጣት ያህል በረዶ ይዟል፤ ሰበርኩት። ሻይና ደረቅ ብስኩት። የአጋዘኑ ሥጋ ከሳምንት አያልፍም... ልጄ ሩፈስ ለአደን መውጣት አለበት።

አውሮፕላኑ ረፋድ ላይ አረፈ። ለኤድና ካርቶን አምጥቶላታል። የልጄ ሚስት ከካታሎግ ሳታዝ ወር አያልፋትም። ከተማ አድጋ እዚህ የባሕር ዳር መንደር መጥታ... መጋረጃ፣ የፀጉር ማድረቂያ፣ አሁን ደግሞ ለሩፈስ የጠመንጃ መወልወያ። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈችው። ፕላስቲክ የለበሰ ረጅም ዘንግ። ሦስት የነሐስ ብሩሽ። ዘንጉን መሃል ለመሃል የሚመራ ቱቦ። አንዱ ጠርሙስ ጥላሸት ማሟሟቻ፣ ሌላው ዘይት። በክብ በክብ የተቆራረጠ ጨርቅ። ጨርቅም ይገዛል? ቤቱ ቁራጭ ጨርቅ አጥቶ ነው?

ባሌ ናታን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሠላሳ ዓመት ያደነው በአንድ ሽቦና ላምባ በነካው ቡትቶ ነው አልኳት።

"ለዚህ ነዋ ጠመንጃው ወደ ግራ የሚስተው" አለ ሩፈስ። "ሽቦው አፉን በልቶታል፣ እማዬ።"

ሁለቱም ሳቁ። በሙት ሽቦ ይሳቃል?

የካቲት 4

ኤድና የመመሪያውን ወረቀት አንስታ "ላንብብልዎት እማማ?" አለችኝ።

ማንበብ እንደምችል ታውቃለች። አምስት ዓመት ሆነኝ። ወንድሞቼ ትምህርት ቤት ሲላኩ እኔ የታመመች እናቴን ይዤ ድንኳን ውስጥ ቀረሁ። ትማሪያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ የሕፃን ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ጉልበቴ ጠረጴዛውን እየገፋ፣ ፊደል ቆጠርኩ። አሁን "ላንብብልዎት"...

አያስፈልግም አልኳት። ወረቀቱን መልሳ ካርቶኑ ውስጥ ከተተችው።

የካቲት 6

በየቤቱ ሬዲዮ አለ፤ አንዱ ሲያወራ መንደሩ ሁሉ ይሰማል። ዛሬ ኤድና ከቴዲ ጋር ስትቀልድ ነበር። ቴዲ የናታን የእህቱ ልጅ ነው፤ ከሩፈስ ጋር አብረው ነው የሚወጡት። "አሁንማ ጠመንጃው አዲስ ሊሆን ነው፤ ሩፈስ ነጭ ድብ ያመጣልኛል፣ ለአልጋዬ ሥር ምንጣፍ" አለችው። "ቆዳው ላንቺ፣ ሥጋው ለኔ" ብሎ መለሰላት።

ስለ ድብ እንዲህ አይወራም። ድቡ ይሰማል። እናቴ ስሙን እንኳ አትጠራም ነበር። ሬዲዮኑን ዘጋሁት። ኤድና "ምን ሆኑ?" ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ምን እላታለሁ? ከተማ ውስጥ ድብ የለም።

የካቲት 8

ሩፈስ ብርዱ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ያን ዘንግ ሲገፋ ዋለ። ከበሩ ውጭ ያለው፣ እሳት የሌለበት መግቢያችን ነው። ጠመንጃ በብርድ ወራት ከዚያ አልፎ ቤት አይገባም። ከብርድ ወጥቶ ሙቀት ያገኘ ብረት ያልበዋል፤ ላቡ ውጭ ሲወጣ በረዶ ይሆናል። ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም።

ጨርቁ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ከዚያ አረንጓዴ። እንደገና ጥቁር። የናታን የሠላሳ ዓመት እድፍ... ተናደድኩም፣ አፈርኩም። ከዚያ ቆርቆሮ ላይ ተኮሰ። አምስቱም ጥይቶች መሃሉን መቱ።

ለራሴ ብቻ ልጻፈው። ዘንጉ ዋጋውን ያወጣል። ብሩሹም። ለኤድና ግን አልነግራትም።

የካቲት 10

ሩፈስና ቴዲ ነገ ለአደን ይወጣሉ። ሩፈስና ኤድና መዝሙር ልምምድ ሄዱ። እኔ ብቻዬን ቀረሁ።

ጠመንጃውን አየሁት፤ ተሰቅሏል። ሩፈስ የወለወለው አፈሙዙን ነው እንጂ፣ ጥይት የሚያጎርሰውን መቀባበያ አልነካውም። ወረቀቱን አወጣሁ። ብርዱ ክፍል ውስጥ ጨለማ ነው፤ መነጽሬ ደግሞ አንድ እግሩ ከተሰበረ ወር ሆነው፣ በእጄ ካልያዝኩት አይቆምም። በአንድ እጅ መነጽር፣ በአንድ እጅ ጠመንጃ... አልሆነም። ጠመንጃውን ቤት ውስጥ፣ ወደ መስኮቱ አስገባሁት። ለትንሽ ጊዜ ነው አልኩ።

ቃል በቃል አነበብኩ። የሚንቀሳቀሰውን ክፍል ሁሉ በዘይት ሸፍን ይላል። ሸፈንኩ። አንድም ቃል አልዘለልኩም። ብረቱ አልቦት ነበር፤ ጠረግኩት። ደጋግሜ ጠረግኩት። ወደ ቦታው መለስኩት። ማንም አላየኝም።

ሩፈስ ሲያስተውል "ማን ነው የሠራው?" ይላል። ያን ጊዜ እነግራቸዋለሁ።

የካቲት 11

ወጡ። ሁለት የበረዶ ሞተር፣ ከኋላቸው በረዶ ላይ የሚንሸራተት ሁለት ጋሪ። ሩፈስ ጠመንጃውን ሳያየው ማኅደሩ ውስጥ ከተተው። ከሦስት ቀን በኋላ እንመለሳለን አለ።

የካቲት 12

ከዜሮ በታች አርባ።

ጠዋት መስኮቱን አየሁ። የማታው የሻይ እንፋሎት መስታወቱ ላይ ውሃ ሆኖ ወርዶ ከሥሩ ረግቷል። በረዶ... ጣቴን አስጠግቼ ነካሁት።

ጠመንጃውን ላዩን ነው የጠረግኩት። ላዩን ብቻ። መቀባበያው ውስጥ፣ ጥይቱን የሚመታው መርፌ ያለበት፣ እዚያም አልቦታል። እኔ ደግሞ ከላይ ዘይት አፈሰስኩበት። ውሃውን ዘጋሁበት።

እግዚአብሔር ሆይ።

የካቲት 12፣ እንደገና

ሬዲዮኑን ሞከርኩ። እዚያ አይደርስም። ማን ይሄዳል? ማንን ልላክ? ቢሄዱስ የት ያገኟቸዋል? ኤድና ልብስ እያጠበች ታንጎራጉራለች። ልንገራት? ምን ብዬ? ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ሁለተኛው ላይ ጨው የት አለ አልኳት።

ድብ ባይመጣ... አጋዘን ብቻ ከሆነ ምንም አይደለም። ጠመንጃው እንቢ ካለ ባዶ ጋሪ ይዞ ይመለሳል። በባዶ ጋሪ ይመለስ። በባዶ ይመለስ።

የካቲት 13

አልመጡም። ገና ነው። ነገ ነው ያለው። ምግብ አልወርድ አለኝ። ኤድና ግንባሬን ነካችኝ፣ "ትኩሳት የለዎትም" አለች። እጇ ለስላሳ ነው። እጇን ገፋሁት።

የካቲት 14

መጡ። አንድ ሞተር። ቴዲ ይነዳል፣ ሩፈስ ጋሪው ላይ በቆዳ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ሬሳ መሰለኝ። ከዚያ ራሱን ቀና አደረገ።

ቴዲ የነገረን ይህ ነው። ሁለት አጋዘን ጥለው ነበር፣ ሁለቱንም በቴዲ ጠመንጃ። ሥጋ ሲበልቱ ድቡ ከባሕሩ በኩል መጣ። ቴዲ ራቅ ብሎ ሞተሩ ዘንድ ነበር። ሩፈስ አነጣጠረ፣ ምላጩን ሳበ። ቀጭ። ደግሞ ቀጭ። ጓንቱን አውልቆ መቀባበያውን ሊከፍት ታገለ፤ ጣቶቹ ብረቱ ላይ ተጣበቁ። ድቡ በአንድ መዳፍ ጋሪው ላይ ወረወረው። ቴዲ እየሮጠ ተኮሰ። በሦስተኛው ጥይት ወደቀ።

የትከሻው ቁስል ጥልቅ አይደለም። ጣቶቹ ናቸው። እንደ ሻማ ነጥተዋል። የክሊኒኳ ሎቲ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ስትነክራቸው ሩፈስ ጮኸ። ሕፃን ሳለም እንዲህ አልጮኸም።

የካቲት 15

አውሮፕላኑ ወደ ከተማ ሆስፒታል ወሰደው። ሳመኝ። "አይዞሽ እማዬ" አለኝ። እኔን።

የካቲት 17

ቴዲ ጠመንጃውን ፈትቶት ሬዲዮ ላይ ተናገረ። መቀባበያው ውስጥ በረዶና ዘይት ተጋግሮ፣ እንደ ረጋ ጮማ። "ያ የካታሎግ ዘይት ሊያስበላን ነበር" አለ። ከዚያ ሁሉም አንድ አንድ ቃል ጨመረ። ከተማ ያደገች ምን ታውቃለች። ድቡንስ ማን ጠራው፤ በሬዲዮ ያዘዘችው እሷ አይደለችም ወይ።

ኤድና እዚሁ ተቀምጣ ትሰማለች። ፊቷ አመድ መሰለ። "እኔ ነኝ እማማ፤ ያን ካርቶን ባላመጣው..." አለችኝ።

ሻይ ቀዳሁላት። ሌላ ምንም አላልኩም። ይህንንም ልጻፈው፤ ምንም አላልኩም።

የካቲት 23

ስልክ ተደወለ። ሁለት ጣት ቆረጡለት። ምላጭ የሚስብበትንና የመሃሉን። የቀኝ እጁን።

እዚህ ቤት ሌላ አዳኝ የለም።

የካቲት 25

ኤድና ካርቶኑን አንስታ ቆሻሻ መጣያው ሄዳ ወረወረችው። በመስኮት አየኋት። ዘንጉ ምን አደረገ? ልላት ነበር። ዘንጉ ምንም አላደረገም። ዘይቱም ቢሆን የሚቀቡበት ወር አለው። አላልኳትም።

ቤተ ክርስቲያን የቴዲ ሚስት ከአጠገቧ ተነስታ ሌላ ወንበር ሄደች። እኔ ከኤድና በስተቀኝ ተቀምጬ ነበር። አልተነሳሁም። መልካም ሥራ የሠራሁ መሰለኝ... ምን ዓይነት ሴት ነኝ?

የካቲት 29

እንቅልፍ የለም። ኤድና ብትሄድ የሠራሁትን ማንም አያውቅም። ይህን አሰብኩ። አስቤዋለሁ።

መጋቢት 1

ኤድና ሻንጣዋን ያዘች። እናቷ ዘንድ ልትሄድ ነው። "ሩፈስ ሲመለስ እዚህ ባያገኘኝ ይሻለዋል" አለች። አልተለመነችም። ማን ይለምናት? አውሮፕላኑ ወደሚያርፍበት ሄደች፤ እዚያች የቆርቆሮ መጠለያ ውስጥ ተቀምጣ ትጠብቃለች።

በሩ ሲዘጋ ፍርሃቴ ሊቀል ይገባ ነበር። ባሰብኝ። ቤቱ ጠበበኝ። ሩፈስ ይመለሳል፣ ሚስቱን ይጠይቀኛል... ምን ብዬ ዓይኑን አያለሁ? ከድቡ በላይ ፈራሁት።

ሬዲዮኑን ከፈትኩ። አውራ ጣቴ ቁልፉን መጫን አቃተው። በሁለት እጅ ተጫንኩት።

"የናታን ሚስት ነኝ። ሁላችሁም ስሙኝ። ጠመንጃውን ቤት ያስገባሁት እኔ ነኝ። ወረቀቱን ለማንበብ ብርሃን ፈልጌ ነው። አልቦት እያየሁ ዘይት ቀባሁት። ኤድና አልነካችውም። ሩፈስም አያውቅም። ድብ እንደሆነ በራሱ ጊዜ ይመጣል። ልጄን ያስመታሁት እኔ ነኝ።"

ለቀቅኩት። ጭጭ አለ። ያ ሁሉ ለፍላፊ... ከብዙ በኋላ ቴዲ "ሰምተናል፣ አክስቴ" አለ።

የአውሮፕላኑን ድምፅ ሰማሁ፤ ሲያርፍም፣ ሲነሳም። ሄደች አልኩ። ከዚያ በሩ ተከፈተ። ኤድና ነች፤ ሻንጣዋ በእጇ፣ ቅንድቧ በረዶ ይዞ። መጠለያው ውስጥ ሬዲዮ አለ ለካ።

አልተቀመጠችም። "ለምን?" አለችኝ።

"ማንበብ እንደምችል ላሳይሽ ብዬ።"

"እንደሚችሉ አውቃለሁ" አለች። "ላንብብልዎት ያልኩት መነጽርዎ ስለተሰበረ ነው።"

ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ስታለቅስ ሰማኋት። እኔም።

መጋቢት 14

ሩፈስ ተመለሰ። ከአውሮፕላኑ ሳይወርድ ሰምቷል፤ አብራሪው ነው የነገረው። ሰላም አለኝ፣ አልሳመኝም። ሾርባውን በግራ እጁ ይጠጣል፤ ይፈስበታል። ልጠርግለት ስል እጁን ሰበሰበ።

መጋቢት 16

ከኔ ጋር አይነጋገርም። ኤድናን "ዘንጉ የት አለ?" አላት። ሄደው ከቆሻሻው ውስጥ ቆፍረው አመጡት፤ ዘንጉን፣ ብሩሹን፣ ያን ቱቦ። ዘይቱም ተገኘ፤ በረዶው ቀልጦ ጀልባ እስኪወጣ ይቀመጥ አለ። የባሕር ጨው ሲመጣ ያስፈልጋል። እስከዚያ በላምባ ማጠብ፣ በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ፣ ከዚያ ምንም አለመቀባት። ለኤድና ሲያስረዳት በግድግዳው በኩል ሰማሁ። የአባቱ አነጋገር ነው፣ ቃል በቃል።

መጋቢት 22

ሩፈስ ኤድናን ተኩስ እያስተማራት ነው፤ ዛሬ ከሃያ ጥይት አሥራ አራቱን መታች። ሩፈስ ከኋላዋ ቆሞ ትከሻዋን ያስተካክላል። "ትንፋሽሽን ያዢ እንጂ፣ አፍሽን አይደለም" ይላታል። ሳቀች። እሱም ትንሽ። እኔ ከመስኮቱ ራቅኩ።

መጋቢት 28

ኤድና ዛሬ ከቴዲ ጋር ለአደን ወጣች። የመጀመሪያዋ ነው።

ከመሄዷ በፊት ብርዱ ክፍል ውስጥ ቆመን ነበር፣ ሦስታችንም፣ ትንፋሻችን እየጨሰ። መቀባበያውን አውጥታ ወደ እኔ ዘረጋችው። "ይዩልኝ እማማ።"

"እሷ አትነካውም" አለ ሩፈስ። ከተመለሰ ወዲህ ስለ እኔ የተናገረው ይህ ብቻ ነው።

ኤድና እጇን አልመለሰችም። እሱንም አላየችውም። እኔን ነው የምታየው።

ቀጭን ጓንቴን ሳላወልቅ ተቀበልኳት። የጨርቅ ጫፍ አሹዬ ቀዳዳ ቀዳዳውን ፈተሽኩ። ወደ በሩ ብርሃን አዞርኩት፤ በሩን አላለፍኩም። መርፌውን ገፋሁት፣ ተመለሰ። ደግሜ ገፋሁት። ሦስተኛም።

"ደርቋል" አልኳት።

ገጠመችው። ሄደች። ሩፈስና እኔ የሞተሩ ድምፅ እስኪጠፋ ቆምን። ከጠፋም በኋላ ቆምን። ከዚያ ገብቶ ሻይ ቀዳ፤ ለራሱ፣ ቆይቶም ለእኔ።

አሁን እኩለ ቀን አልፏል። ይህን እየጻፍኩ ጆሮዬ ውጭ ነው። ብርዱ ጨምሯል። ቴዲ አብሯት አለ፣ ጠመንጃው ደህና ነው... ግን ሆዴ እንቢ አለ። ዕድሜዬን በሙሉ ለናታን ፈራሁ፣ ከዚያ ለሩፈስ። ዛሬ የምፈራው ለኤድና ነው።