ሰኞ ከሰዓት ዝግ ነው

ረቡዕ፣ መጋቢት 11። እስከ ረፋድ የተሸጠ፦ ሁለት የኋላ ጎማ፣ አንድ ካቴና፣ አንድ የልጅ ብስክሌት ደወል። የተመለሰ፦ አንድ ፔዳል፣ «ይንጫጫል» ተብሎ። ሰማዩ ደመና፣ ገበያው ቀዝቃዛ።

እማማ፣ ከላይ ያለውን እንዳላዩ ይለፉት። የምጽፍልዎ ከዕለት ማስታወሻዬ በገነጠልኩት ወረቀት ነው፤ ቀኑንና የጠዋቱን ሽያጭ ሳላሰፍር እጄ ሌላ ነገር አይጽፍም። ልጅዎ በዚህ ይስቅብኝ ነበር። «አንቺ የምትሞቺ ዕለት እንኳ መጀመሪያ የተሸጠውን ጽፈሽ ነው» ይለኝ ነበር።

ለመሆኑ ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ያ የግራው፣ ደረጃ ላይ የሚያስቸግርዎ? ዓይንዎስ? ሐኪሙ ያዘዘልዎትን ጠብታ ይጠቀሙበታል ወይስ እንደ ልማድዎ ለክፉ ቀን ብለው መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት? እኔ ደህና ነኝ። ወገቤን ያመኛል፤ ግን ጎንበስ ብሎ ለሚውል ሰው ይህ በሽታ አይባልም።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ጎረቤትዎ ቢጽፉልዎም እርስዎ እየተናገሩ እንደሆነ ያስታውቃል፤ መተንፈሻ የለውም። «ልጄ መርፌ ይወጋል እያሉኝ ነው በሬዲዮ ይነገራል በሰፈር ይወራል አንቺ ጓዳውን ታውቂያለሽ አዎ ካልሽኝ አምናለሁ የለም ካልሽኝም አምናለሁ» ብለዋል። እንዲህ ያለ እምነት የተጣለበት ሰው በማግስቱ መመለስ ነበረበት። አልመለስኩም። ምክንያቱን ዛሬ እነግርዎታለሁ፤ ሳይቆጡኝ እስከ መጨረሻው ያስነብቡት። እርስዎም የሚያነቡላቸው ጎረቤት፣ አደራዎን፤ ከዚህ በታች ያለው ከሁለታችሁ እንዳይወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅዎ በሠላሳ ስምንት ዓመቱ፣ ጢም ያላበቀሉ ልጆችን አስከትሎ የሰባት ቀኑን የብስክሌት ውድድር አሸነፈ። መጀመሪያ ሁሉም አጨበጨበ። ቀናት ሳይቆይ ጭብጨባው ወደ ሹክሹክታ ዞረ። ሱቄ የብስክሌተኛ ሁሉ መቆሚያ ነውና ወሬ ቀድሞ የሚደርሰው እኔ ጋ ነው። አንድ የታክሲ ሾፌር የልጁን ብስክሌት ጎማ ሊያስነፋ መጥቶ፣ «እሱ የሚወስደውን ባገኝ ለታክሲዬ ነበር የምሰጣት፤ እሷም ጡረታዋ ደርሷል» አለ። የቆመው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ደንበኛ ሲስቅ መሳቅ የንግድ ደንብ ነው።

ከዚያ ፎቶግራፉ ወጣ። በውድድሩ ጊዜ ያረፈበትን ሆቴል ክፍል የሚያጸዳ ሰው፣ የእጅ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ስሪንጅ ተቀምጦ አገኘ። በስልኩ አነሳውና ለጋዜጣ ሰጠው። ስሪንጁ ራሱ ከቆሻሻ ጋር ተጥሏል፤ የቀረው ፎቶው ብቻ ነው። በብስክሌት ውድድር ሕግ ደግሞ ተወዳዳሪ ክፍል ውስጥ የመርፌ ዘር መገኘት የለበትም። ስሪንጁ ወገብ ላይ ቀይ መስመር አለ። ጋዜጣው «አንድ ባለሙያ እንደነገሩን፣ መስመሩ በአንድ ጊዜ ደም ውስጥ የሚገባውን ልክ ያሳያል» ብሎ ጻፈ። ሽንቱን መረመሩ፣ ደሙን መረመሩ፤ ምንም የለም። «የዘንድሮው አበረታች መድኃኒት በምርመራ አይታይም» ተባለ። ሰው መጠርጠር ከጀመረ ንጹሕ መሆንም ያስወነጅላል።

ልጅዎን ጠየቁት። «ሰውነቴ ውስጥ የገባ ነገር የለም» አለ። ታዲያ ስሪንጁ ከየት መጣ? ማን ሰጠህ? ለምን ሥራ? ዝም። ነገ የፌዴሬሽኑ ኮሚቴ ይሰበሰባል። ጥፋተኛ ነው ካለ ዋንጫው ይነጠቃል፣ አራት ዓመት ይታገዳል፤ በእሱ ዕድሜ አራት ዓመት ማለት አለቀ ማለት ነው። ድሮ ያሸነፈውንም ሁሉ ሰው መለስ ብሎ ይጠረጥረዋል፣ እርስዎ ሳሎን ግድግዳ ላይ የሰቀሏቸውን ፎቶዎች ጭምር።

እማማ፣ ያ ስሪንጅ ከኔ ሱቅ የወጣ ነው።

ይረጋጉ። ለሰው አይደለም፤ ለጎማ ነው። የአሁን ዘመን የውድድር ጎማ ውስጡ አየር የሚይዝ ከመነዳሪ የለውም። በምትኩ ነጭ ፈሳሽ ሙጫ ይጨመርበታል፤ ጎማው ሲበሳ ፈሳሹ ሮጦ ቀዳዳውን ይደፍናል። የሚጨመረውም በመንፊያው ቀዳዳ በኩል፣ በስሪንጅ ነው። ጫፉ ላይ መርፌ የለውም፣ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ነው ያለው፤ ቱቦው ፎቶው ላይ አይታይም። ቀዩን መስመር የሳብኩት እኔ ነኝ፣ በጥፍር ቀለም። ከመስመሩ ካለፈ ጎማው ይከብዳል፣ ካነሰ አይደፍንም። ጥፍሬን ከቀባሁ ዘመን አልፏል፤ ጠርሙሱን ግን አልጣልኩትም። በተጋባን ሰሞን የገዛልኝ ልጅዎ ነው።

እንዴት እሱ እጅ ገባ? ለሁለት ሳምንት መጻፍ ያቃተኝ ይኸው ነው።

አምና ቁልቁለት ላይ የወደቀውን ያስታውሳሉ፣ ትከሻው የተሰበረ ጊዜ። ሰው ሁሉ ዕድሜው የገፋ ብስክሌተኛን የሚያሸንፈው ዳገት ይመስለዋል። ቁልቁለት ነው። ከእግሩ በፊት ድፍረቱ ነው የሚያረጀው። ከዚያ ወዲህ የቡድኑ መካኒክ ባዘጋጀለት ጎማ መውረድ ፈራ። ይህን ለመካኒኩ እንዴት ብሎ ይንገረው? አንድ ሰኞ ከሰዓት ሁለት ቸርኬ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ በጓሮ በር ብቅ አለ። ከተፋታን ሦስት ዓመት ሆኖናል። ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም «ያንቺ እጅ ካልነካው አልወርድም» አለኝ።

ሰው እንዲህ ያለ ቃል ሲሰማ ምን ማድረግ አለበት፣ እማማ? ዋጋ ነገርኩት። ተወደደ ብሎ ተከራከረኝ። እንደ ድሮው።

ከዚያ ወዲህ የሱቄ በር ላይ «ሰኞ ከሰዓት ዝግ ነው» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ደንበኛ ሲያጉረመርም «ዕቃ ቆጠራ ነው» እላለሁ። እኔ ጎማውን እፈታለሁ፣ አጸዳለሁ፣ እሞላለሁ፤ እሱ የዕቃ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ያወራል። ስለ እርስዎ ጉልበት፣ ስለ ትከሻው፣ መንገድ ላይ ስላባረረው ውሻ። ሌላ ነገር የለም። ይህችን «ሌላ ነገር የለም» ሁለት ጊዜ ሰርዤ ነው የጻፍኳት። ለውድድሩ ሲሄድ ያን ስሪንጅ ሰጠሁት፣ በመንገድ ፈሳሹ ከጎደለ እንዲጨምርበት። መንታው እኔ ጠረጴዛ ላይ አለ፣ ያው ቀይ መስመር ያለበት።

ታዲያ ለምን አይናገርም? ከተናገረ ሰኞ ሰኞ የት እንደሚውል ሚስቱ ታውቃለቻ። ወጌሻዋ። የቡድኑን ብስክሌተኞች እግር የምታሸው። እግሩን ልታሽ ገብታ ልቡን አሽታ የወሰደችው። እርስዎ «ደህና ልጅ ናት» ብለውኛል፤ ብርድ ልብስም ልካልዎታለች፣ በጣም ይሞቃል አሉ። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ምራትዎ ሆኜ ብርድ ልብስ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ካልሲ ነበር የምልከው። ብርድ ልብስ ከካልሲ እንደሚበልጥ ማንም ያውቃል።

እውነቱን ልንገርዎ። ወሬው አይደለም ያናደደኝ። በየምሽቱ ዜና ሲደርስ ሬዲዮ ከፍቼ እጠብቅ ነበር፣ «ከመጀመሪያዋ ሚስቴ ሱቅ ነው» እስኪል። ስሜን ይጥራ አላልኩም። አንድም ቀን አላለም። ያሸነፈ ዕለት ግን ማይክሮፎን ሲደቅኑበት «ባለቤቴን አመሰግናለሁ፣ እዚህ ያደረሱኝ እጆቿ ናቸው» ብሏል፤ እርስዎም ሰምተዋል። እኔ ያን ጊዜ ጎማ ስር ተንበርክኬ ነበር፤ ተነሥቼ እጄን አየሁት፣ እስከ ክርን ድረስ ጥቁር። አጭበርባሪ መባል እኔን ከመጥራት ቀለለው። ስለዚህ እኔም ዝም አልኩ። ይቅመሰው አልኩ። እሷም ትቅመስ፤ «የምትወጋው ሚስቱ ናት» መባሉ አይቀርም ነበርና፣ ተባለም። ዝምታ ምንም አያስወጣም። እንዲህ በርካሽ የተገኘ በቀል አይቼ አላውቅም።

ፎቶው ከወጣ ወዲህ ልጅዎ አልመጣም። እኔ ግን ሰኞ ሰኞ ሱቁን እየዘጋሁ ቁጭ እላለሁ። ከትናንት ወዲያ በር ተንኳኳ። እጄን ታጠብኩ፣ ፀጉሬን መስታወት ውስጥ አየሁት (አይሳቁብኝ)፣ ከፈትኩ። ወጌሻዋ ናት።

በቴሌቪዥን ከሚያዩዋት ታንሳለች። ዓይኗ አብጧል፣ አፍንጫዋ ቀልቷል። «እህቴ፣ ዝግ እንደሆነ አይቻለሁ፤ ይቅርታ» አለች። እህቴ! «ምን ልታዘዝ?» አልኳት እንደ ማንኛውም ደንበኛ። ጓንት አነሳች፣ ደወል ነካካች። ጥፍሯ እንደ ሕፃን ጥፍር ንጹሕ ነው፤ የኔን ጠረጴዛ ስር አደረግሁት። በመጨረሻ «አንቺ ጋ ሳለ ይወጋ ነበር?» አለችኝ።

«አንቺ ምን ይመስልሻል?» አልኳት።

«ሰኞ ሰኞ ይጠፋል» አለች። «የት ነበርክ ስለው ልምምድ ይለኛል። ሲመለስ የሆነ ሽታ አለው፣ እንደ መድኃኒት። እዚያ ነው የሚወጉት ብዬ ነው።» የሙጫው ሽታ ነበር፣ እማማ። የቆመችበት ቤት በሙሉ ያው ነው የሚሸተው፤ ለቅሶ አፍንጫዋን ባይደፍነው ኖሮ እዚያው ታገኘው ነበር። ከዚያ ያላሰብኩትን ተናገረች። «ሴት ብትሆን ይሻለኝ ነበር» አለች። «ሴት ከሆነች አለቅሳለሁ፣ እጣላለሁ፣ ይወጣልኛል። መርፌ ከሆነ ግን ያሸሁት እግር ሁሉ ውሸት ነው።»

ስሪንጁ በመካከላችን ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ቀዩ መስመር ወደ ላይ ዞሮ። መዳፌን ጫንኩበት።

የፈለገችው ዕቃ እኔ ጋ ነበር። ሴት ነው የፈለገችው፤ ሴቷም ፊት ለፊቷ ቆማለች። አንድ ቃል ብተነፍስ እሱ ይነጻል፣ እሷ ታለቅሳለች፣ ሰኞም ያኔውኑ ያበቃል። ዝም ካልኩ ደግሞ እሷ ሻንጣዋን ይዛ ትወጣለች፣ እሱ ብስክሌቱን ይሰቅላል፤ መቀመጫ ሳጥን ያለው ደግሞ እኔ ጋ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ መዳፌን ሳላነሳ አሰላሁት። ነጋዴ ነኝ። «እኔ ምኑን አውቄ» አልኳት። «ጓንቱ ግን ያምርብሻል።» ገዛችው። ከዋጋው ጨምሬ ነው የሸጥኩላት፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አልተጸጸትኩም። ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ ሰሌዳውን አየችው። ሄደች።

ያን ቀን ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን አንድ ነገር አንገበገበኝ። ዕቃዬን ከእጄ ወስዳ፣ ሦስት ዓመት ቤቷ አስቀምጣ፣ አሁን መጥታ «ይሄ ነገር አስመስሎ የተሠራ ይሆን?» ትለኛለች! እኔ ጥሎኝ ሲሄድ ብዙ ነገር ብዬዋለሁ፤ እርስዎም ግማሹን ሰምተዋል። አታላይ ነው ብዬ ግን ለአንድ ቀን አስቤ አላውቅም። የያዘችውን ዋጋ ካላወቀች ልነግራት ነው። ለእሷ ብዬ አይደለም፣ ይህንን ይመኑኝ። ከኔ ቤት የወጣ ዕቃ ሐሰተኛ ተብሎ ሲጣል ቆሜ አላይም።

አዎ ወይ የለም በይኝ ብለውኛል። ሰኞ ሰኞ ከሳጥኑ ሲነሳ ጉልበቱን ይዞ እንደ እርስዎ «እህህ» ይላል፤ ድምፁ ራሱ የእርስዎ ነው። ከዚያ የጎማ መፍቻውን ጠረጴዛ ተደግፎ ትንሽ ይቆማል፣ እንዳላየሁት እሆናለሁ። መድኃኒት የሚያነሳው ሰው እንዲያ አይነሳም። የለም፣ እማማ። ልጅዎ አልተወጋም። ያረጀ ሰው ነው፤ አርጅቶም አሸነፈ።

ነገ ኮሚቴው ፊት እቀርባለሁ። ስሪንጁንና የጥፍር ቀለሙን እወስዳለሁ፣ መጨረሻ ከመጣበት ሰኞ ጀምሮ እኔ ጋ የቀረውንም ቸርኬ፣ ፈሳሹ ውስጡ እንዳለ። ማን ያመጣልሻል ቢሉኝ እሱ እላለሁ። መቼ ቢሉኝ ሰኞ ከሰዓት፣ በጓሮ በር። ጋዜጠኞች ይኖራሉ። እሷም ትኖራለች። እሱ አንገቱን ይደፋ ይሆናል፤ ቀና ብሎ ያየኝም ይሆናል። ያንን አላሰላሁትም።

ጉልበትዎን ያጽናልዎ። ዳገቱ ላይ እንዳበረታዎት ቁልቁለቱንም ያለሳልስልዎ። ብርድ ልብሱም ይሙቅዎት፤ ቅዝቃዜው ከእግር ሲጀምር ግን ካልሲውን ይፈልጉት፣ መሳቢያው ውስጥ ከጠብታው ጋር ነው የሚሆነው።

የፊተኛዋ ምራትዎ

ነገ፦ ጠዋት ኮሚቴው ጋ። ስመለስ ሰሌዳ ጻፊው ጋ ጎራ ብሎ የበሩን ጽሑፍ ማስጠፋት። ሰኞ ቀኑን ሙሉ ክፍት።