የወንድሜ ቫልስ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 4
ስድስት ተማሪ፣ ስድስት ጊታር... ምት የሚይዝ አንድም እጅ የለም! ሁሉም መሮጥ ነው የሚፈልገው። ከስትራስቡርግ የሚመጣው የጥርስ ሐኪም፣ ሙሲዬ ሹልትስ፣ ዛሬም ያችኑ ጥያቄ ጠየቀኝ። «የወንድምዎን ቫልስ መቼ ነው የሚያስተምሩን?» ስንቴ ልንገረው? እኛ ማኑሾች፣ የፈረንሳይ ጂፕሲዎች፣ የሟች ስም አንጠራም። የሠራውን የዳንስ ዜማ፣ ቫልሱንም፣ ቤተሰቡ ሐዘኑን እስኪፈታ አንነካም። ሚስቱ ቪንታ «ይበቃል» ሳትል እኔ ማን ነኝ?

ይኸው ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነ። ዜማውን ሙሉውን የማውቀው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 6
ቪንታ ጋ ሄድኩ። ካራቫኗን፣ ባለ ጎማ ቤቷን፣ እያጠበች ነበር። ስለ ዝናቡ አወራን፣ ስለ ጎማ አወራን። «ጊዜው ደረሰ» ትለኝ ይሆን ብዬ ጠበቅኩ... ምንም። ልጇ ሳቪም አባቷ ከሞተ ወዲህ ጊታር አልነካችም። ምት ላይ እንደሷ ያለ እጅ የለም እኮ! ሰው እንዲህ ይጨክናል?

ማክሰኞ፣ መጋቢት 11
ጉድ ሠራሁ። ሙሲዬ ሹልትስ የጊታሩን ክር ሲቀይር እጄ ዝም ብሎ ይጫወት ነበር። ቀና ስል ሳቪ በሩ ላይ ቆማለች፤ ምሳዬን ይዛ። ለካ የሱን ቫልስ ነው የምጫወተው! ሳህኑን አስቀምጣ ወጣች። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። በጥፊ ባልኳቸው!

ረቡዕ፣ መጋቢት 12
ባርኔጣዬን አውልቄ ቪንታ ፊት ቆምኩ። «ጥፋቴ ነው።»
«የምን ጥፋት? አንተ ሰው! ታላቁ አንተ አይደለህ? ካንተ ቀድሞ ማን ይንካው? እኔና ልጄ አንተን ስንጠብቅ ሁለት ዓመት!»
«እኔ እኮ አንቺን...»
ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች። እኔ ግን ተናደድኩ። በማን? በራሴ ነዋ።

እሑድ፣ መጋቢት 16
ካራቫኑ ፊት ተቀመጥን። ሳቪ ምቱን ያዘች... ያው እጅ ነው፣ ተመስገን። የመጀመሪያው ክፍል ወጣ። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ላይ ጣቶቼ ቆሙ። ደግሜ ሞከርኩ። ባዶ። ሁለት ዓመት ሳልነካው ይጠብቀኛል ብዬ ነበር?
«ሳቪ፣ ታስታውሺዋለሽ?»
«አንተ ይዘኸዋል ብዬ ነበር፣ አጎቴ።»
እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 18
ሳቪ ከጎኔ ተቀምጣ ተማሪዎቹን ምት አስያዘቻቸው። ቫልሱን አስተማርኳቸው። ሁለተኛው ክፍል ሲያልቅ አቆምን።
«ቀሪውስ?» አለ ሙሲዬ ሹልትስ።
«የለም» አልኩት። «እኛ ስንከባበር ጠፋ።»
ሳቪ በእግሯ ወለሉን መታ መታ አደረገች።
«በሉ፣ ከመጀመሪያው» አልኳቸው።