የጋሼ ወንበር

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

በመለዋወጫ ሱቄ እስከ አራት ሰዓት የተሸጠው፦ ጎማ ስድስት፣ ባትሪ ሁለት፣ ካላማዳሪያ አንድ። ካንዴላ የጠየቀ የለም። ለማክሰኞ ደህና ነው።

ፊሽካ መጣ። ባትሪ ሊገዛ። ከተያየን ስንት ዓመት ሆነን? ሰባት። ፀጉሩ ሸሽቷል፣ ፊሽካው ግን አሁንም አንገቱ ላይ። በኮኖቹ ውድድር መኪና የሚያስነሳና የሚያስቆም እሱ ነበር፤ ስሙ ከዚያ ቀረ።

"አንቺ ነጋዴዋ፣ ዝገሻል አሉ!"

"የዝገት ማስለቀቂያ እሸጣለሁ። ለራስህም ውሰድ።"

ሳቀ። ውድድሩ እንደገና ሊጀመር ነው አለ፤ እሑድ፣ መጋቢት 21፣ በዚያው በጭነት መኪና ማቆሚያው። እንደ ድሮው። ብርቱካንማ ኮኖች ይደረደራሉ፣ አንድ መኪና ብቻውን በመካከላቸው ይሾልካል፣ ባላንጣው ሰዓት ነው። ሽልማቱ ጭብጨባ።

"የድሮዋ መኪናችሁ አለች?"

"ለሽያጭ ናት። ቅዳሜ ገዢ ይመጣል።"

ጋሼ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ከታመመ ወዲህ ሚስቱ ሥራ ስትሄድ እኔ ጋ ነው የሚውለው። እጆቹን ጭኖቹ መሃል ይቀብራቸዋል፣ መንቀጥቀጣቸው እንዳይታይበት። የተኛ መስሎኝ ነበር።

"አትሸጥም" አለ።



ረቡዕ፣ መጋቢት 10

ጋሼ የሐኪም ቀጠሮ ነበረው፤ ወሰድኩት። ሐኪሟ ወጣት ናት። ለእኔ ለብቻዬ ነገረችኝ። መንቀጥቀጡ ይብሳል። ሐሳቡም... ድሮና ዛሬ ሊቀላቀሉበት ይችላሉ። ቀኝና ግራም ሊምታታበት ይችላል። "ማድረግ የሚፈልገው ነገር ካለ አታቆዩት" አለችኝ።

መንገድ ላይ ጠየቅኩት። ጋሼ፣ ምን ያምርሃል? ምን ላድርግልህ?



"አንድ ጊዜ ብቻ... አንቺ ስትነጂ፣ እኔ ከጎን።"

ጫማ ቢለኝ ምን ነበረበት? ሬዲዮ ቢለኝ?

ዓርብ፣ መጋቢት 12

የመኪናዋን ሸራ ገለጥኩት። አቧራ። አይጥ የኋላውን ወንበር ቤቷ አድርጋው ኖራለች። የጋሼ ወንበር ግን ደህና ነው። በቀኝ በኩል ጠርዙ ተልጧል፤ ስነዳ አጥብቆ የሚይዘው እዚያ ጋ ነበር። ይፈራ ነበር ማለት ነው? አንድ ቀን አልነገረኝም።

አንድ መኪና፣ ሁለት ነጂ ነበርን። በማለዳ ሰው ሳይመጣ ሜዳውን በእግር እንዞረዋለን፤ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ኮኖቹን አንድ በአንድ በቃሉ ይይዛል። ከዚያ ስነዳ ከጎኔ ሆኖ ይጠራልኛል። "ግራ... ያዥ... ያዥ... ልቀቂ!" እኔ ኮን አላይም ነበር። በድምፁ ነበር የምነዳው። ተሳስቶብኝ አያውቅም።

እጁ መሪ ላይ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ውድድሩን ተወው። እኔም ተውኩት። ማን ሊጠራልኝ?

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

ገዢው መጣ። ዞራት፣ ጎማዋን በእግሩ መታ፣ ከንፈሩን መጠጠ። ሁሉም ገዢ ከንፈሩን ይመጥጣል። መጨረሻ ላይ የሰጠው ዋጋ ከጠበቅኩት በላይ ነበር።

"ሐሳቤን ቀይሬያለሁ" አልኩት።

"እንዲህ ሆነሽ ነው የምትነግጂው?" አለኝ።

እውነቱን ነው። ለሌላ ነጋዴ ቢሆን እኔም ይህንኑ እለው ነበር።

ሐሙስ፣ መጋቢት 18

ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ ከመጋዘኑ ጀርባ መኪናዋን ሞከርኳት። ሦስት ጊዜ ጠፋችብኝ። ጉልበቴ የፍሪሲዮኑን ፔዳል ረስቶታል። ባዶ ጣሳዎችን በኮን ፋንታ ደርድሬ ገሚሱን ጨፈለቅኩ። ዘበኛው "እመቤት፣ ጣሳ ነው የሚጨፈለቀው ወይስ ሰው ይጨመር?" ብሎ ከግንቡ ጀርባ ቆመ።

እትዬ፣ የጋሼ ሚስት፣ ሰምታለች። ደወለች።

"እሱን መኪና ውስጥ ልትከቺው ነው አሉ።"

"ራሱ ነው የለመነኝ እትዬ።"

"ሰብረሽ ብታመጪልኝ ወዮልሽ!"

ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። "ትናንት ሄልሜቱን ከቁም ሳጥን አውጥቶ ሲወለውል አየሁት። ለስንት ወር አንድ ነገር ጠይቆኝ አያውቅም... ጨርቅ ስጪኝ አለኝ።"

እሑድ፣ መጋቢት 21

እንደ ሆነው ልጻፈው።

በማለዳ ደረስን። ሜዳው ላይ የነበሩት ፊሽካና ኮኖቹ ብቻ ነበሩ። ጋሼ በአንድ እጁ ከዘራውን፣ በአንድ እጁ እኔን ይዞ ዞረ። እንደ ድሮው ከፊት መሆን ፈልጎ ነበር፤ እኔም አንድ እርምጃ ወደኋላ እቀር ነበር፣ ክንዴን እንደያዘ። ሌሎቹ ነጂዎች ሲመጡ አልቸኮሉብንም። የመብራት ምሰሶው ጋ ስንደርስ "እዚህ ግራ" አለ።

"ቀኝ ነው ጋሼ። ኮኖቹን እያቸው።"

አያቸው። "አዎ። ቀኝ።"

ድሮ እዚያ ቦታ ሁልጊዜ ግራ ነበር የሚዞረው።

ሦስት ዙር ነው የሚነዳው፤ ከሦስቱ የተሻለው ይያዛል። ኮን የነካ ሰዓት ይጨመርበታል፤ በኮኖቹ መካከል ካሉት በሮች አንዱን የዘለለ ዙሩ ይሰረዝበታል። የመጀመሪያውን ብቻዬን ነዳሁ። የሚጠራልኝ ስለሌለ ኮኖቹን ራሴ መፈለግ ነበረብኝ። ሦስት ጣልኩ።

"ሦስት ገደልሽ!" አለ ፊሽካ። "ቀብሩ መቼ ነው?"

ሁለተኛው ከጋሼ ጋር። የሄልሜቱን ማሰሪያ ጣቶቹ እምቢ አሉት። አገጩን ቀና አደረገልኝና አሰርኩለት። ለእኔም እንዲህ ያስርልኝ ነበር፣ በመጀመሪያው ዓመት።

ፊሽካው ተነፋ። ተነሳን።

"ቀኝ... ያዥ... ልቀቂ!"

ድምፁ! ሰባት ዓመት ያልሰማሁት። ሰውነቱ እየተንቀጠቀጠ ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። እጄ ሳላዘው ዞረ። ጉልበቴ አስታወሰ። አንድ ኮን አልነካንም። "ግራ... ቀኝ... አሁን ርገጪ!" ረገጥኩ። እንዲህ ነድቼ አላውቅም። ድሮም ቢሆን።

ምሰሶው መጣ።

"ግራ!"

ኮኖቹ በቀኝ ናቸው። አየኋቸው። ተምታቶብኝ አይደለም፤ ይህን ለራሴ በግልጽ ላስቀምጠው። ቀኝ እንደሆነ አውቄ ግራ ዞርኩ።

ከዚያ በኋላ ኮን አልነበረም። ባዶ አስፋልት። እሱ ግን መጥራቱን አላቆመም፤ የድሮውን ሜዳ፣ ከሰባት ዓመት በፊት የተነሱትን ኮኖች፣ አንድም ሳይዘል። "ያዥ... ቀኝ... ሁለተኛዋን ተጠንቀቂ!" ምንም በሌለበት ቦታ ተጠነቀቅኩ። በሌለ ኮን ዙሪያ ዞርኩ። ፊሽካን በመስተዋት አየሁት፤ ፊሽካውን አፉ ላይ አድርጎ ቆሟል። መንፋት ነበረበት። አልነፋም። መጨረሻው መስመር ጋ ስንቆም ከሰዉ አንዱ አጨበጨበ፣ ከዚያ ሁሉም።

"ስንት ገባን?" አለ ጋሼ። ፊቱ ላብ በላብ ነው። የሚስቅ ልጅ መሰለኝ።

ፊሽካ እኔን አየኝ፣ ሰዓቱን አየ።

"የድሮ ሰዓታችሁ ነው ጋሼ። ንቅንቅ አላለም።"

ሦስተኛውን አልነዳሁም።

ወደ ቤቱ መለስኩት። በሩ ላይ ሳቆም፣ ሳይዞር፦

"ቀኝ ነበር... አይደል?"

ሰው እንዴት ይዋሻል? ቀኑን ሁሉ በገበያ የማላጣውን ውሸት ያኔ አጣሁት።

"ቀኝ ነበር።"

"እያየሽ?"

"እያየሁ።"

"ለምን ተከተልሽኝ?"

"መንገድ የምትነግረኝ አንተ ነሃ።"

ራሱን ነቀነቀ። ብዙ ጊዜ። ከበሽታው ይሁን ከሐሳቡ አላወቅኩም። ከዚያ የማይረጋውን እጁን እጄ ላይ ጫነው፤ እጄም አብሮ ተንቀጠቀጠ።

"እህት ዓለም... ከእንግዲህ አትከተይኝ።"

ሰኞ፣ መጋቢት 22

ጋሼ አልመጣም። ደክሞታል አለች እትዬ። አልተሰበረም፣ አልኳት። "አውቃለሁ። ሌሊቱን በእንቅልፉ ሲጠራልሽ ነበር" አለችኝ።

ጎማ ሁለት። ሌላ የለም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 2

ጋሼ ከአልጋ አልወርድም ካለ ሳምንት አለፈው። አንዳንዴ እኔን እናታችን ያደርገኛል። አንዳንዴ ደግሞ ፍጹም ደህና ነው። ዛሬ ደህና ነበር። ፊሽካ ሚያዝያ 19 ሌላ ውድድር እንዳለ ነግሮኝ ስለነበር ነገርኩት። ባልነግረው ይሻል ነበር?

"ብቻሽን ትነጃለሽ?"

"አላውቅም ጋሼ። ያለ አንተ ሦስት ነው የገደልኩት።"

"የኔን ወንበር አውጪው። ክብደት ነው።"

"ምን አጣደፈህ? ይቀመጥ።"

"ነጋዴ አይደለሽ? የማይሸጥ ዕቃ መደርደሪያ ላይ ምን ይሠራል?"

በራሱ ቀልድ ሊስቅ ሲል ሳል ያዘው። ወጥቼ መኪናዋ ውስጥ ተቀመጥኩ። ሞተር ሳላስነሳ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 12

ብቻዬን ሜዳው ሄድኩ። በእግሬ ዞርኩ። ምሰሶው ጋ ቆምኩና ጮክ ብዬ "ቀኝ" አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ደገምኩት።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 16

እስከ አራት ሰዓት፦ ጎማ አራት፣ ባትሪ አንድ፣ ካንዴላ ስምንት።

አንድ ደንበኛ "እዚህ ጥግ የሚቀመጡት ሰውዬስ?" አለኝ። ቤት ናቸው አልኩት። እዚያ ጥግ ላይ ዕቃ አልደረድርም፤ ለምን እንደሆነ ሠራተኛዬ አልጠየቀኝም።

ማታ እነ እትዬ ቤት ሄድኩ። ጋሼ አላወቀኝም። ቁጭ ብዬ ኮኖቹን ጠራሁለት፣ ከመነሻው እስከ መጨረሻው። ምሰሶው ጋ ስደርስ "ቀኝ" አልኩ። ዓይኑን አልከፈተም። እጁ ብርድ ልብሱ ላይ እየተንቀጠቀጠ ወደ ቀኝ ዞረ። ወይ እንዲያው መሰለኝ።

ለእሑድ ተመዝግቤያለሁ። ፊሽካ "ተሳፋሪስ?" ሲለኝ "የለም" አልኩት። ጻፈው።

ነገ ከሱቅ አሥራ አራት ቁጥር ቁልፍ ይዤ መምጣት አለብኝ። የጋሼ ወንበር የታሰረው በአራት ብሎን ነው። የኋለኞቹ ዝገዋል፤ የዝገት ማስለቀቂያም እይዛለሁ።