በእህቴ ሞት ላይ ስለተጨመረው ሳቅ

ለተከበሩ የድርጅታችን የዝግጅት ኃላፊ፣

በቅድሚያ ጤናዎ እንደ ድምፅዎ የጎላ፣ እንቅልፍዎም ሳያነቡ እንደሚያኖሩት ፊርማ የቀለለ እንዲሆን እመኛለሁ። «የቀልድ ፖድካስታችን አቅራቢ ባለፈው ሳምንት ከተመዘገበበት ዘርፍ ውጪ አዝኗል» በማለት የላኩልኝን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በአክብሮት ተቀብያለሁ። ሳላስፈቅድ በማዘኔ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ጥቂት ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ. ማስጠንቀቂያውን ባመጣብኝ ዝግጅት እህቴ መሞቷን፣ ታማ ሳለች ና እያለች ስትደውልልኝ እኔ ቀልድ ስጽፍ መቅረቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ተናግሬያለሁ። ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኔው ያን ቀን ዘመድ ሆኖብኝ ነበር።

፪ኛ. እንባ አንቆኝ ዝም ባልኩበት ቦታ የአርትዖት ክፍልዎ፣ ዝምታ አድማጭ ያሸሻል በሚለው መመሪያዎ መሠረት፣ የተቀዳ ሳቅ ጨምሮበታል። ስለ ትጋታቸው ምስጋናዬ ይድረሳቸው።

፫ኛ. በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ሳቁ የእህቴ ነው። የመጀመሪያውን ዝግጅት ስንቀዳ ስቱዲዮው ጥግ ተቀምጣ፣ አፏን በሻርፗ ብታፍነውም ያመለጣት ሳቅ ነው፤ ድርጅትዎ ወዶት እስከ ዛሬ ይገለገልበታል። እናታችን ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ያን ዝግጅት ስትሰማ ልጄ መጥታ ነው ወይ ስትል ጠየቀችኝ።

፬ኛ. ሌላ ድምጿ የተቀረጸበት ነገር ስለሌለን ቅጂውን ለእናቴ እንዲሰጡልኝ ብጠይቅ፣ ሳቁ የድርጅቱ ንብረት በመሆኑ የንብረት መውጫ ወረቀት እንደሚያስፈልገው ተነግሮኛል። እህቴ ከወንበሮችና ከማራገቢያዎች ጋር በመዝገብ መያዟ ለቤተሰባችን ትልቅ ክብር ነው። ሆኖም እናቴ አርጅታለች፤ ወረቀቱ እስኪፈረም አትጠብቅ ይሆናል ብዬ እፈራለሁ።

ከእንግዲህ በዘርፌ ተወስኜ ለመሳቅ ቃል የምገባ፣ የማስጠንቀቂያዎ ባለዕዳ፣ እጅግ ታዛዥዎ፣

ቀልደኛው

ማስታወሻ፦ ያ ዝግጅት የተደመጠበት ብዛት በእጥፍ ማደጉን በማስታወቂያ ሰሌዳ ለጥፈው ስላመሰገኑን ተደስተናል። አብዛኛው እናቴ ናት። በሌሎቹ ዝግጅቶች ሳቁ ከሙዚቃው ጋር ስለተቀላቀለ፣ ለብቻው የሚሰማት እኔ ዝም ባልኩበት ቦታ ነው፤ ወደኋላ እየመለሰች ቀኑን ሙሉ ታደምጠዋለች። ስልኩን በደንብ ስለማታውቅበት ግን ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ነው የምትጀምረው፤ ልጇ ስትስቅ ለመስማት፣ ስትጠራኝ አለመሄዴን በየጊዜው ከአፌ መስማት አለባት።