ቀለበትህን የምፈልግበት መሣሪያ

ሙሌ፣ የሜሮን አባት፣

ደኅና ነህ ወይ ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ እምቢ አለኝ። ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ነው። ሰው ሁሉ ጊዜ ያስረሳል ይለኛል። ጊዜ እስካሁን ያስረሳኝ ነገር ቢኖር መኪናዬ ዘይት መቀየር እንዳለባት ነው፤ እሱን የምታስበው አንተ ነበርክና።

የቤቱን ነገር ከሰው ከምትሰማ ከእኔ ስማ። ሊልበርን ያለው ቤታችን ተሸጠ። በእኔ ደመወዝ ብቻ የባንኩን ዕዳ፣ ሞርጌጁን፣ መግፋት አቃተኝ፤ ሞከርኩ፣ ትርፍ ሰዓት ሠራሁ፣ አልሆነም። የገዛው ሰውዬ ኮንትራክተር ነው። ጓሮውን ደልድሎ ኮንክሪት ሊያፈስበት ነው አሉ፣ ለጭነት መኪኖቹ ማቆሚያ። እኔ ማሪዬታ ከተማ ሜሮን ጋ እገባለሁ። ክፍል አዘጋጅታልኛለች፣ መጋረጃው ሳይቀር ተሰቅሏል። እቃችንን ሰው ወሰደው፣ ልብስህን ቤተ ክርስቲያን ሰጠሁት። ያላነሳሁት አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ እሱም ከአፈር ውስጥ ነው።

ያን መከር ታስታውሰዋለህ። የቲማቲሙን መደብ ስትገለብጥ ውለህ ገባህና እጅህን ስትታጠብ ቆመህ ቀረህ። ውኃው ይፈሳል፣ አንተ ጣትህን ታያለህ። ቀለበትህ የለም። ጨለማ እስኪይዘን ባለጥርሱን ሬክ ይዘን ቧጠጥን፣ በማግስቱ አፈሩን በወንፊት ነፋን። «ተዪው፣ ወርቅ አፈር አይበላውም፣ በጸደይ ስቆፍር ራሱ ይወጣል» አልክ። እኔም ዝርክርክ ብዬ ሳቅኩብህ። ያለ ሳሙና የማይወልቅ ቀለበት እንዴት ሾልኮ ወደቀ ብሎ የጠየቀ ከሁለታችንም አልነበረም። ለካ ጣትህ እየከሳ ነበር። ሐኪሙ ከመናገሩ በፊት የነገረን ያ ቀለበት ነው፤ እኛ ግን አፈር እንነፋ ነበር።

ጸደይ ሲመጣ የቆፈረ የለም። ስትገነዝ፣ አውራ ጣቶችህ ሲታሰሩ፣ ቀለበቱ የነበረበት ነጭ መስመር አሁንም ይታይ ነበር። የቀብር ቤቱ ሰው በጨዋ አነጋገር ከጌጡ አብሮት የሚቀበር ይኖር እንደሆነ ጠየቀኝ። የምሰጠው አልነበረኝም። በተክሊል ቀን ቄሱ ያጠለቁልህን ሳትይዝ ሄድክ። ስለዚህ ቁልፉን ከማስረከቤ በፊት ላገኘው ቆረጥኩ፤ ከኮንክሪት ሥር አልተወውም ብዬ።

በዚህ ቤት ውስጥ ማሽን የመረጥኩበት ቀን የለም። አንተ ነበርክ ሱቅ ገብተህ ድሪሉን በእጅህ እየመዘንክ «ቀላል ዕቃ ቀላል ነው» የምትለኝ። ከባዱን ትገዛ ነበር፣ ሁልጊዜ። እኔ ኮሌጅ ፓርክ በምሠራበት ሆቴል ላውንድሪ ውስጥ አንሶላ እያጠፍኩ፣ አንዱ ጆሮዬ ላይ የስልኬን ማዳመጫ ሰክቼ፣ ሰዎች ስለ ብረት መፈለጊያ የሚያወሩትን ስሰማ ከረምኩ። ግማሹ አይገባኝም። የገባኝን ግን ደጋግሜ ሰማሁት።

መጀመሪያ የወደድኩት ርካሹን ነበር፣ ቢጫ፣ ያማረ። የልጆች መጫወቻ ነው ለካ። ብረት ሲያገኝ ይጮኻል፣ ምን እንዳገኘ አይናገርም። ትንሽ ከፍ የሚለው ስክሪን አለው፣ ለየብረቱ ቁጥር ያወጣል፤ ሚስማር ዝቅተኛ፣ ብር ከፍተኛ፣ ወርቅ መሀል ላይ። ከዚያ ደግሞ የኛ መሬት ጉዳይ መጣ። ይኼ ልብስ የማይለቅ የጆርጂያ ቀይ ጭቃ በራሱ ብረት አለው፣ ርካሹ ማሽን ባዶ አፈር ላይም ይለፈልፋል። አፈሩን እንዲለምድ የሚስተካከል መሆን አለበት። ውኃ ውስጥ የሚገባው ውድ ነው፤ ባሕር አልገባም፣ ተውኩት። ከዘንጉ ጫፍ ያለችው ክብ ሳህን ትልቅ ከሆነች ሰፊ ቦታ ታዳርሳለች፣ ቆሻሻ በበዛበት መሬት ግን ሁሉን ባንዴ ትሰማና ታምታታለች። ትንሿን መረጥኩ። ብዙ ሰዓት በአንድ ክንድ ስለሚወዛወዝ ደግሞ ቀላሉ ይሻላል አሉ። አየህ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃልህን አፍርሼ ቀላሉን ገዛሁ።

ሜሮን «ማሚ፣ ለምን ሬንት አታደርጊውም?» አለችኝ። ለአንድ ቀን ብከራየው ያን ቀን ዝናብ ቢመጣስ? «ማሚ፣ ሲሪየስሊ፣ ከዚህ በኋላ ምን ታደርጊበታለሽ?» ስትል ዋጋ ማወዳደሬን ቀጠልኩ። አዲሱ ከአቅሜ በላይ ስለነበር ማሪዬታ የሚኖር አንድ ጡረተኛ ፈረንጅ የተጠቀመበትን ገዛሁ። ደግ ሽማግሌ ነው። ቁልፌን ሣር ላይ አስጥሎ በማሽኑ እንድፈልገው አደረገኝ። የምፈልገውን ስነግረው የጣቴን ቀለበት አየና፣ መጀመሪያ የራስሽን መሬት ላይ አድርጊና ድምፁን ስሚ፣ ከዚያ የእሱን ታውቂዋለሽ አለኝ።

እንዳለኝ አደረግኩ። ቀለበቴን አውልቄ ሣሩ ላይ አስቀመጥኩ። ካንተ ጋር ከመረጥነው ወዲህ እምብዛም አውልቄው አላውቅም። ሳህኗን አሳለፍኩበት። አጭር፣ ለስላሳ ድምፅ ነው፣ ሰው ከሌላ ክፍል ሲጠራህ «እ?» እንደምትለው። ቁጥሩን በቃሌ ያዝኩ። ያንተ ሰፋ ስለሚል ትንሽ ከፍ ይላል ብዬ አሰብኩ። ያን ቀን ልቤ ሞልቶ ነበር።

ከዚያ ወደ መደብህ ሄድኩ።

ሙሌ፣ ምን እንደገጠመኝ ልንገርህ? ቆርኪ። አገር ቤት ላስቲክ በሚስማር ሲመታ እንዳይቀደድ ቆርኪ እንደሚደረግበት፣ አንተም ለቲማቲሙ የሠራኸውን ላስቲክ ቤት በሙሉ በቆርኪ መታኸው። አውሎ ነፋስ በመጣ ቁጥር ይፈርሳል፣ ትሠራዋለህ፣ ይፈርሳል። ሚስማሩም ቆርኪውም ጓሮውን ሞልቶት ነበር። ማሽኑ ልክ እንደበራ ጮኸ፣ እርምጃ ሳልራመድ ጮኸ። ጋሽ አሰፋ፣ ጎረቤታችን፣ በአጥሩ በኩል ሲያየኝ ቆይተው «አንቺ፣ ሙሌ ቆርኪ የዘራው እኮ ቢራ ይበቅላል ብሎ ነው!» አሉኝ። ሳቅኩ። ከሄድክ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። እሳቸውም ሳቁና ድንገት ፊታቸውን አዙረው ገቡ።

ማሽኑ የማይፈለገውን ብረት ዝም የሚያሰኝ ቁልፍ አለው። ሚስማሩን ዝም አሰኘሁት። ግን ቆርኪ ሲያልቅብህ የቢራ ጣሳ በመቀስ እየቆረጥክ በቆርኪው ፋንታ ትመታ ነበር፣ አይደል? ያ ጣሳ ድምፁ የወርቅ ነው፣ ቁጥሩም የወርቅ። ጣሳውን ዝም ካሰኘሁ ቀለበትህንም ዝም አሰኛለሁ። ስለዚህ ምንም ዝም ሳላሰኝ፣ ያ ለስላሳ ድምፅ በመጣ ቁጥር ተንበርክኬ ቆፈርኩ። ሁልጊዜ ልቤ ዘለለ፣ ሁልጊዜ ጣሳ ነበር። በመቀስህ የተቆረጠ፣ መሀሉ በሚስማርህ የተበሳ። አንዳንዱ ላይ መዶሻህ ስቶ የጠፈጠፈው ይታያል። ከሥራ መልስ እየመጣሁ፣ በዕረፍት ቀኔ እየዋልኩ፣ መደቡን ጨርሼ ወደ አጥሩ፣ ከአጥሩ ወደ ቧንቧው። ባልዲ ሞላ።

ከዚያ ዝናብ ገባ፣ ጭቃው ቀለጠ፣ ቁልፍ የማስረክብበት ቀንም ደረሰ።

አላገኘሁትም። ይህን ልጽፍልህ ነው የተቀመጥኩት፣ እስከዚህ ድረስ የተንዛዛሁትም ይህን ላለመጻፍ ነው። ያን ዕለት ጠዋት ለመጨረሻ ጊዜ አዳረስኩት። በአንድ ጥግ ያ ድምፅ ደካማ ሆኖ ከሥር መጣ፣ ቁጥሩ ይመጣል ይጠፋል። ቆፈርኩ፣ ጉድጓዱ በውኃ ሞላ፣ በእጄ ጨልፌ ቆፈርኩ። ሜሮን መኪናውን አስነስታ ትጠብቀኛለች፣ ሰውዬው በሩ ላይ ሰዓቱን ያያል። ጣሳ ይሁን አንተ ሳላውቅ ተነሣሁ። ቁልፉን ስሰጠው እጄ ጭቃ ስለነበር በመሀረብ ይዞ ተቀበለኝ።

በሳምንቱ በዚያ በኩል አለፍኩ። ኮንክሪቱ ፈስሷል፣ ልሙጥ፣ ግራጫ።

ሜሮን ማሽኑን ሽጪው አለችኝ፣ እውነቷን ነው፣ እዚህ ጓሮ የለም። ልሸጠው አልቻልኩም። አንዳንድ ቀን እሷ ሥራ ስትሄድ ቀለበቴን አውልቄ ምንጣፉ ላይ አደርግና ሳህኗን አሳልፍበታለሁ። «እ?» ይላል። ያንተም እዚያ ታች ሆኖ፣ የሚጠራው ቢያገኝ፣ በዚህ ድምፅ ነው አቤት የሚለው። የሚጠራው ግን የለም።

ሌላ የምሰጥህ ተስፋ የለኝም፣ ሙሌ። ማስታወስ ግን እችላለሁ። ጆሮዬ እስኪደክም ይህን ድምፅ አልረሳውም።

ባለቤትህ፣ ዓለም