ማብሪያው እሱ ጋ፣ መብራቱ እኔ ጋ

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ መጋቢት 9

ለእሳቷ ልጄ፣

ስልክ ላይ ልነግርሽ ስጀምር፣ “እማዬ፣ የአባዬን ነገር አታንሺብኝ” ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ወረቀት ግን አይዘጋም፤ ስለዚህ ቁጭ በይና እስከ መጨረሻው አንብቢኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ከመቆም ብዛት ከሚያጉረመርመው ጉልበቴ በቀር የሚከሰኝ የለም። አንቺስ በልተሽ ትተኛለሽ ወይ? ባለፈው ድምፅሽ ቀጥኖብኛል።

አሁን ወደ ዋናው ወሬ፦ ሱቁ አልተወሰደብኝም! ግማሹ የእኔ ሆኗል፤ በስሜ፣ በማኅተም።

ከፍቺው በኋላ የቤቱን ዕቃ ለመካፈል አልተቸገርንም። አልጋውና ማቀዝቀዣው ለእኔ፣ ቴሌቪዥኑና ያ የሚንቋቋ ወንበሩ ለእሱ። ባንክ ያለችውም እኩል ተከፈለች። እንቅልፍ የነሳኝ እሱ የወንዶቹን፣ እኔ የሴቶቹን ፀጉር የምንሠራበት ሱቁ ነበር። ክፍሉን አባትሽ ከአያትሽ የወረሰው እኔን ሳያገባ ነው። ጠበቃዬ፣ ልጅ እግር ናት ግን ጎበዝ፣ መነጽሯን አውልቃ፣ “እትዬ፣ ከጋብቻ በፊት የመጣ ንብረት የግል ነው። ከፀጉር ማድረቂያውና ከወንበሮቹ ድርሻዎን እናስከብራለን፤ ክፍሉን ግን ተስፋ አያድርጉ” አለችኝ።

ማድረቂያዬን ተሸክሜ የት ልግባ? በዚህ ዕድሜዬ የደንበኞቼን ፀጉር መንገድ ዳር ልጠብ? ጎረቤታችን ሽቶ ሻጩ ደግሞ ሱቁን ጠቅልሎ ሊገዛ አሰፍስፏል። አባትሽን በር ላይ ይዞ ሲያንሾካሹክ ባየሁ ቁጥር ማበጠሪያዬን አስቀምጬ ጆሮዬን አቆም ነበር። አንቺም “እሱማ ይሸጠዋል፣ ምን ገዶት!” ስትዪ፣ አልዋሽሽም፣ እኔም እንደዚያው አስብ ነበር።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። አባትሽ ያንን የሠርግ ኮቱን ለብሶ መጣልሽ፤ ቁልፉ አልዘጋ ብሎት በእጁ ገጥሞ ይዞታል። ዳኛዋ ሰነዱን አገላበጡና፣ “ሱቁ የግልዎ መሆኑን ማስረጃው ያሳያል። የሚሉት ይኖራል?” ሲሉት እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

“ይኖራል” አለ። “እኔ ከአባቴ የወረስኩት አራት ግድግዳና የሚያፈስ ጣሪያ ነው። ሱቅ ያደረገችው እሷ ናት። ወንዶቹ እንኳ እኔ ጋ የሚቆረጡት ሚስቶቻቸውን እሷ ጋ አድርሰው መጠበቁ ሲሰለቻቸው ነው። ግማሹ የእሷ ነው።”

“ይህን ሲሉ ማንም አላስገደደዎትም?”

“ኧረ እሷ ከተጋባን ጀምሮ ስታስገድደኝ ነው የኖረችው! ይሄን ግን በራሴ ነው።”

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጠበቃዬ መነጽሯን መልሳ አጠለቀች። እኔ ግን ሳቁም አልመጣልኝ፤ የሻሼን ጫፍ ነክሼ ቀረሁ። ወጥተን ደረጃው ላይ ላመሰግነው አፌን ስከፍት ምን ብል ጥሩ ነው? “ያንን ኮት አውልቀው፣ ታንቀህ ልትሞት ነው!” ምስጋናዬ ይቺው ሆነች። እሱም፣ “ምንም አይደል” አለኝ። ገብቶታል ማለት ነው።

ከዚያ አናጢ መጥቶ መሐል ላይ ጣውላ አቆመልን፣ ለየራሳችንም በር አወጣልን። እኔና አባትሽ ግን ፎጣ በፎጣ፣ ማበጠሪያ በማበጠሪያ ስንካፈል ሰነበትን።

“ይሄ መቀስ የእኔ ነው።”

“ያንተማ የደነዘዘው ነው፣ ያውልህ!”

ትልቁን መስታወትና የፀጉር መቁረጫ ቶንዶዞቹን እሱ ወሰደ፣ የፀጉር መታጠቢያውና ማድረቂያው ለእኔ ደረሱ። አንዲት የፀጉር መርፌ እንኳ ሳንካፈላት አልቀረችም። በማግስቱ በገዛ በሬ ኮራ ብዬ ገባሁና መብራት ላበራ ግድግዳውን ብዳስስ፣ ብዳስስ፣ ማብሪያ ማጥፊያ የለም።

ከጣውላው ማዶ፣ “አንቺ ሴትዮ! መብራቴን የት አደረግሽው?” የሚል ድምፅ መጣ።

ዞር ስል የእሱ አምፖል ማብሪያ መታጠቢያዬ አጠገብ ተገጥሟል። “እኔ ጋ ነው! የእኔስ?”

“እኔ ጋ፣ በሩ ሥር።”

ድሮ ቀድሞ የገባ ሁሉንም ያበራ ስለነበር የትኛው የቱን እንደሚያበራ ልብ ብለነው አናውቅም። ሳቁን እሱ ጀመረ፣ እኔም ተከተልኩ፤ በጣውላው ግራና ቀኝ ቆመን እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። “ለጠበቃ የከፈልነው ለዚህ ነው?” ይለኛል።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ጠዋት እኔ የእሱን አበራለታለሁ፣ እሱ የእኔን። ቅዳሜ ቅዳሜ የምትመጣዋ ጡረተኛዋ መምህርት ማድረቂያው ውስጥ ጭንቅላቷን ቀብራ፣ የራሷ ድምፅ ስለማይሰማት እየጮኸች፣ “እናንተ ተፋታችሁ አልነበር እንዴ? ምን ያጠራራችኋል?” ብትለኝ፣ አባትሽ ከማዶ፣ “የተፋታነው እኛ ነን፣ መብራቱ ምን አድርጎ!” አላት።

ታውቂያለሽ፣ እኔና እሱ ሱቅ ውስጥ ተጣልተን አናውቅም። ቤት ስንገባ ነበር ድመትና አይጥ የምንሆነው። አሁን ቤቱ ቀርቶ ሱቁ ተረፈልን። ከዚህ በላይ ምን እጠይቃለሁ?

አባትሽ፣ “የመብራት ሠራተኛውን ጠርቼዋለሁ፤ ሥራ በዝቶበት ነው፣ በሚመጣው ሳምንት ያስተካክለዋል” ይለኛል፣ በየሳምንቱ። ትናንት ሰውዬውን ዳቦ ቤት አገኘሁት። “ምነው የሚጠራኝ አጣሁ፣ እናንተ ጋ ሥራ ጠፋ?” አለኝ። ዳቦዬን ይዤ ወጣሁ።

እሳቴ፣ ለአባትሽ ደውዪለት። ያኮረፍሽው ለእኔ ብለሽ ነው፤ የኩርፊያው ባለቤት እኔ ካላኮረፍኩ አንቺ ለማን ትቆሚያለሽ? እሱ “ልጅቷ ደወለች ወይ?” ብሎ አይጠይቀኝም፤ ኩራቱን ታውቂያለሽ። ነገር ግን የእኔ ስልክ በጮኸ ቁጥር ከማዶ ቶንዶዙ ይቆማል። የሰው ፀጉር ግማሹ ተቆርጦ፣ ቀጥ! የደወለችው ደንበኛ ሆና ስትገኝ እንደገና ይነሳል። ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛበት ደውዪለት። እኔም ያን ቀን ድምፅሽ ጥርት ብሎ እንዲሰማው ውኃዬን እዘጋለሁ።

በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ይቅደምሽ። ከሥራ ስትመለሺ የሚጨልምብሽ ቤት አይስጥሽ። እኔን ያስደሰተ አምላክ አንቺንም እንዲሁ ሳታስቢው ያስደስትሽ።

የግማሽ ሱቅ ሙሉ ባለቤት፣
እናትሽ

ማሳሰቢያ፦ አውቅሻለሁና፣ ይህን አንብበሽ ለመብራት ሠራተኛ ብለሽ ገንዘብ እንዳትልኪ። አያስቸኩልም።